በበሬሳ ዳር፣ ከደገፉ ጋር ታስሬ

ኅዳር ፭፣ ረፋድ

ዛሬም ብርዱ ነው የቀሰቀሰኝ። ጣቴ ብርዕ አልይዝ አለ፤ በትንፋሼ እያሞቅሁ ነው የምጽፍብሽ፣ ብራናዬ። ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ቀለም እንዳያልቅብኝ ከእንግዲህ ደ.ብ. ብቻ እላታለሁ። በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ጭሱ ሁሉ የኩበት። ፈረሱ ብዙ። ሰዉ ሁሉ የበግ ጠጉር ባና ደርቧል፤ እኔ በኩታ ብቻ። ከዓባይ ማዶ ስነሣ ስለዚህ ብርድ የነገረኝ የለም።

አሳቤ ቀላል ነው። ጥቂት ቀን ከተማ አያለሁ፣ ከዚያ በበቅሎዬ ወደ አንኮበር። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ እዚያ ካለ አንድ ደብር ቅኔ እዘርፋለሁ። ከወደዱኝ የቅኔ መምህርነቱ ወንበር የእኔ ነው። የሚወዳደረኝ አንድ የዋድላ ሰው ነው አሉ። ይምጣ። ጎጃምን በቅኔ የሚረታ ገና አልተወለደም።

ያው ዕለት፣ ከቀትር በኋላ

ጉድ ሆንሁ። መልካውን ልሻገር ስል አንድ ሰው የበቅሎዬን ልጓም ያዘና በንጉሥ አምላክ ቁም አለኝ። ይህ ከተባለ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ደገፉ ይባላል፤ ባና ሠሪ ነው፤ ሲናገር ይንተባተባል። በቅሎዋ የእኔ ናት፣ ካቻምና ከመስክ ተሰርቃብኛለች ይላል፤ ምልክቷም የተሰነጠቀው ግራ ጆሮዋ ነው አለ። ብቸና ገበያ በዋስ የገዛኋትን በቅሎ!

ዳኛው አዝመራ ሊያስገምቱ ጫጫ ወርደዋል፤ የሚመለሱት ለኅዳር ዘጠኝ ነው። እስከዚያው እንደ ደንቡ የእኔን ኩታ ጫፍ ከእሱ ባና ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ቁራኛ ሆንን። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንተኛለን። ዳኛ ሳይፈርድ ቋጠሮውን የፈታ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል።

ሚስቱ በላይነሽ አንድ ቋጠሮ አልበቃትም። የጎጃም ደብተራ በድግምት ይሰወራል ብላ ሌላ ደረበችበት። ድግምት ብችል መጀመሪያ ይህን ብርድ አላባርረውም ነበር?

ኅዳር ፮፣ ቁስቋም

ታሰርሁ ብዬ ከተማ ሳላይ አልቀርም። ደገፉ ባናውን ሊሸጥ ገበያ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና ሳይወድ በግዱ መሪዬ ሆነ። ፈረስ የሚሸጥበትን አየሁ። ወንዶች ጠጉሩን በደጋን ሲነድፉ አየሁ፤ አቧራው እንደ ጉም። እኔ ለማየት ስቆም እሱ ይቆማል፤ እሱ ለመሸጥ ሲሮጥ እኔ እሮጣለሁ። ገበያተኞቹ ሴቶች ሙሽሮቹ መጡ እያሉ ሳቁብን። እኔም ሳቅሁ። ደገፉ አልሳቀም።

ስንመለስ በሬሳን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን ተሻገርን። እኩል ካልዘለሉ እኩል መውደቅ ነው። ወደቅን። ውሃው አጥንት ይሰብራል። በላይነሽ ሁለታችንንም አንድ እሳት ዳር አስቀመጠችን፤ ለእኔም በሶ በጠበጠችልኝ። ፊቷ ግን እንደ ዳኛ ነው።

ኅዳር ፯

ዛሬ ሥላሴ ናት። ከሰማይ ብርሃን ወረደበት የተባለውን ደብር ሳላይ ከዚህ ብሄድ ነውር ነው። ሄድን። ቄሱ ቋጠሮውን አይተው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው ከደጀ ሰላም መለሱን። ከቅጥሩ ሥር ቆመን ጸለይን። ስለ አንዲት በቅሎ ሁለት ጸሎት። እግዜርም ይቸገራል።

ከወንዙ በላይ ካለው አፋፍ ሆነን ደገፉ ከተማውን ቁልቁል አሳየኝ። እየተንተባተበ ብዙ አወራ። በቅሎዋ ከጠፋች ወዲህ ባናውን በጀርባው ተሸክሞ ነው አልዩ አምባ ገበያ ድረስ የሚወርደው። ትከሻው የጎበጠው ለካ ከዚያ ነው። አዘንሁለት። ቢሆንም ማዘን ሌላ፣ በቅሎ ሌላ። ለችሎቱ በላ ልበልሃዬን አሰናድቻለሁ፤ ጆሮዋ የተሰነጠቀ በቅሎ ሁሉ የደገፉ ከሆነ ጎጃም በሙሉ የደገፉ ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል። እሱ መልስ እስኪያወጣ ይመሻል። እረታለሁ።

ኅዳር ፰

ብራናዬ፣ ይህን ለአንቺ ብቻ።

ደገፉ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብሎ ጠጉር ያጥባል። እኔ ቋጠሮው እስከፈቀደልኝ ርቄ ቆሜያለሁ። ከተያዘች ጀምሮ ዳኛው በረት የቆየችውና ውሃ ልትጠጣ የተለቀቀችው በቅሎ ሰው ሁሉ የሚሻገርበትን መልካ ትታ በላይ በኩል፣ በቄጠማው ውስጥ ተሻገረች። ለአገሩ እንግዳ የሆነ እንስሳ በዚያ አይሄድም። ቀጥ ብላ ወደ ደገፉ ደጅ። ከበሩ በስተጀርባ ለከብት አሞሌ የሚደረግበት ጎድጓዳ ድንጋይ አለ፤ ከመንገድ አይታይም። ዞራ ሄዳ ላሰችው። ቤቷን ለቃ የማታውቅ መሰለች።

በላይነሽ ገበያ ናት። ደገፉ ቀና አላለም። በቅሎዋን ጠራኋት፣ መጣች።

ከእኔ በቀር ያየ የለም። በላ ልበልሃዬን ልደግም ብል ቃሉ ሁሉ ጠፋብኝ።

ኅዳር ፱፣ ከችሎት መልስ

ደገፉ ቀድሞ ቆመ። ተንተባተበ፣ ሰው ሳቀ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። አፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኔን ጥሎኝ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። በቅሎዋ የእሱ ናት፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልሁና የአሞሌውን ድንጋይ ነገርሁ።

ነገሩ ግን አላለቀም። የተሰረቀ ከብት በእጁ የተገኘ ሻጩን ማቅረብ አለበት፣ አለዚያ ሌባው እሱ ነው። የእኔ ሻጭ ከዓባይ ማዶ ነው። ዳኛው እስከ ጥምቀት አቅርብ አሉኝ፤ እስከዚያ ግን ዋስ ጥራ። እዚህ ማን ያውቀኛል? ሰዉን ባየው ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የእግር ብረት ሊያመጡ ሲነሡ ቋጠሮው ሳበኝ።

«ዋሳቸው እኔ ነኝ» አለ ደገፉ።

ዳኛው ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን አይተው አያውቁም፤ ሰውየው ከቀረ በእግር ብረት የምትገባው አንተ ነህ ብለው ደጋግመው ጠየቁት። እሱም ደጋግሞ ያንኑ አለ። ብራናዬ፣ ይህ ሰው እስከ ዛሬ አንተ ከማለት ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም። ዋሳቸው አለኝ። አለቀስሁ፤ ምን ይደበቃል።

ኅዳር ፲፣ ጧት

ቋጠሮው ተፈትቷል። በእግሬ ነኝ። ደገፉ አንድ ባና አለበሰኝ፤ እምቢ ብል በላይነሽ ተቆጣች። አሁን ብነሣ ለዋዜማው እደርሳለሁ። ዘርፌም ወንበሩን አገኛለሁ፤ ይህን አልጠራጠርም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ወንበር የያዘ መምህር በማግስቱ ልሂድ አይልም፤ የዋድላው ሰው እንደ ድመት አድፍጦ ይጠብቃል።

ይጠብቅ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ቆርጫለሁ። ዋዜማውን እቆማለሁ፣ ጎጃም እንዴት እንደሚዘርፍ ይስሙ። ከዚያ እስከ ጥምቀት ፈቃድ እጠይቃለሁ። ከሰጡኝ መልካም። ካልሰጡኝም የሚካኤል ማግስት ፊቴ ወደ ዓባይ ነው፤ ሻጩን ይዤ ሳልመለስ ቅኔ አላስተምርም።