በቀለም ያስተካከልኩት ንድፍ

ኬታ፣ ኦገስት 14 ቀን 2019

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለኤሲናም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ መንገር ስችል የምጽፍልሽ ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ ነው።

የሠራሽውን የታንኳ መተግበሪያ የአጥማጆቹ ሚስቶች ወደውታል ብዬሽ ነበር። አንቺም በእኔ ቃል ተማምነሽ አክራ ላሉት አለቆችሽ «መተግበሪያው አልቋል» እንዳልሻቸው አውቃለሁ። አላለቀም።

የስልኩን ገጾች በእርሳስ ሞነጫጭረሽ ስትልኪልኝ «እንዳሉ ያሳዩልኝ» ብለሽ ነበር። እኔ ግን የተንጋደደ መስመር ለሰው ማሳየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩና ሁሉንም በቀለም ገለበጥኳቸው። ሴቶቹ ዓሣ በጭስ ከሚያደርቁበት መጥተው አዩ፤ «በጣም ያምራል፣ መምህርት» ብለው ሄዱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከሴቶቹ አንዷ፣ የድሮ ተማሪዬ አክፔኔ፣ ጠጋ አለችኝ። ባሏና ሁለት ልጆቿ ባሕር ላይ ናቸው የሚውሉት።

«ያንን ነገር እኔ በእጄም አልነካው» አለችኝ።

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?»

«በቀለም ጨርሰው አምጥተውት ምን ልበል? የአስተማሪዬን ጽሑፍ ላርም? በዚያው ማስመሪያ እጄን ሲመቱኝ የኖሩ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ቤት ወስጄ ያንቺን የእርሳስ ወረቀቶች ዘረጋሁላት። ጎረቤቶቿን ጠራች። «ይሄማ ገና ነው» አሉና እርሳሴን ይቀባበሉት ጀመር።

«ታንኳው ዘግይቷል» የሚለውን ቁልፍ አንዷ ሚስት ስትነካ መልእክቱ ለመንደሩ ሁሉ ይደርሳል ብለሽ የለ? አክፔኔ ያንን ሰረዘችው።

«ሰውዬው ድንበር ተሻግሮ ሎሜ ላይ ዓሣውን ሸጦ ቢራውን ይጠጣል፣ እኔ እዚህ እንደ መበለት ጸጉሬን ተላጭቼ እጠብቀዋለሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ለአጥማጆቹ አለቃ ብቻ ይድረስ። እሱ ሌሎቹን ታንኳዎች ይጠይቅ። ክፉ ከሆነም እንደ ሥርዓታችን ሽማግሌዎች ይዞ እቤቴ ይምጣ። እንዲህ ያለ ነገር ከመንገድ አይሰማም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ወደ እኔ ያየ ሰው አልነበረም።

ገጹን ለውጪው። አለቆችሽ ከተቆጡ የተሳሳተ ቃል የሰጠችኝ አያቴ ናት በያቸው፤ ከፈለጉ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ። ታንኳዎቹ ይህን መተግበሪያ ይዘው ባሕር ሳይወጡ ነው መታረም ያለበት።

ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አባትሽን ባሕር እንደወሰደው የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ በመስኮቱ ሥር እየሮጡ ከሚያልፉ ልጆች ነው። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ትምህርቱን አላቋረጥኩም።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ። ራትሽን ሳትበዪ አትተኚ።

አያትሽ፣
ፌሊሲታስ አድዞ