የሰንበት ገበታና የማሬ ቅል

እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 1978

አሥራ ሁለተኛውን መግለጫ አልጻፍኩትም። አሥራ አንዱን ጨርሼ “ዓይኔ ደከመ” አልኩና ብዕሬን ከደንኩ። ዋሸሁ። ዓይኔ ደህና ነው።

የከተማው የታሪክ ማኅበር በአንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለው። ሁለት ክፍል ነው፤ ማረሻ፣ የብርቱካን ሣጥን፣ ፂማቸውን ያሳደጉ የመሥራቾች ፎቶግራፍ። አሁን ከኢትዮጵያ ለመጣነው አይሁዶችም አንድ ጥግ ሰጡን። ሐሙስ ይከፈታል። ለየዕቃው የአማርኛውን መግለጫ እንድጽፍ የጠየቀችኝ የማኅበሩ ጸሐፊ ዳሊያ ናት። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ዕብራይስጥም ጎንደር ሳለሁ ተምሬያለሁ። ስናገር ግን ትስቃለች። “እንደ ነቢይ ነው የምትናገሪው” ትለኛለች። አስተማሪያችን በአለንጋ ያስተማሩን የኦሪት ዕብራይስጥ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ጥጉ ላይ የሰንበት ገበታ አዘጋጅታለች። ነጭ ጨርቅ፣ ማሰሮ፣ ዳቦ። ከዳቦው ጎን አንዲት የውሃ መጠጫ ቅል። ላነሣት እጄን ዘርግቼ መለስኩ። አንገቷ ላይ በጋለ ብረት የተጠቆሱ ሦስት ነጥቦች አሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። በአገራችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። የምትጠጣበት ቅል ከቤቱ ቅል ጋር እንዳይቀላቀል በእኛ በኩል ሦስት ነጥብ ይጠቆስበታል። ያ ቅል ወደ ቤት አይገባም፤ ሰንበት ገበታ ላይማ ጭራሽ! የነካው ሰው ታጥቦ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሰው ተለይቶ ይቆያል።

ቅሏን የሰጠችው ብርቄ ናት። ሃዳር ጋኒም በሚባለው ሰፈራችን ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ኪርያት ማታሎን በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ፋብሪካ ታጸዳለች። ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅኳት።

“ብርቄ፣ የተሳሳትሽ መሰለኝ።”

“እትዬ ደግሞ! ሰው ሁሉ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስልዎታል። ምን አጠፋሁ?”

ስለ ነጥቦቹ ነገርኳት። ሳቋ ቆመ።

“አልተሳሳትኩም። የጠቆስኳት እኔው ነኝ።”

ልጇ ማሬ፣ ከመንደራቸው ወደ ሱዳን በተነሡበት ቀን ጎጆ ውስጥ ነበረች። መንገዱ ቀን አይሰጥም፤ ከጎጆው በቀጥታ ከነቅሏ ወጣች። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ታማ ሞተች። ዳሊያ “ከቤት ያመጣችሁት ዕቃ ካለ ስጡን” ስትል ብርቄ ከዚች ቅል በቀር ምንም አልነበራትም። ገበታው ላይ ያስቀመጠቻት ዳሊያ ናት።

“ከዳቦው አጠገብ ሳያት ምን አልኩ መሰለዎት? ልጄ ቤት ገባች አልኩ።”

ደህና እደሪ ማለት እንኳ ረሳሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሐሙስ ቄሳችን መጥተው ከዚያ ገበታ ላይ ዳቦ ሊባርኩ ነው። ሳያውቁ ቢረክሱ ጥፋቱ የማን ነው? የማውቀው እኔ ነኝ።

ልጽፍ የምችለው፦
“የሰንበት ቅል።” ውሸት።
“የመርገም ጎጆ ቅል።” እውነት፤ ግን ብርቄ ከዚያ በኋላ በማን ፊት ትቆማለች?
“ቅል።” ይህንንማ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ ዳሊያን ቅሏን አንሺያት አልኳት። ለምን አለችኝ። በዕብራይስጥ የመጣልኝ ቃል “ርኩስ” የሚለው ብቻ ነው። ያን ቃል ስለ ማሬ ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ። “ቦታዋ አይደለም” አልኩ።

“በሰደር፣ እሺ ይሁን፤ ግን ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት” ብላ ማረሻው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። አላረፈም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ብርቄ ትናንት ከሥራ ስትመለስ በሙዚየሙ በኩል አልፋ አይታለች። ዛሬ ጠዋት ሰላም ስላት ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች።

“ደግሞ ከቤት አስወጧት?”

እትዬ እንኳ አላለችኝም።

በአውቶቡስ ሻአሪያ ወደሚባለው ሰፈር፣ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ለወንድ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ወለሉን እያየሁ ነገርኳቸው። ከዚያ የልጅቷን ስም ጠየቁኝ። ማሬ አልኩ። የት ተቀበረች? አላውቅም አልኩ።

“እዚህ አገር ጎጆ የለም። ሴቶቻችን ሁሉ ቤት ውስጥ ናቸው። ምን ልበልዎት? እኔም ግራ ገብቶኛል።”

ቄስ ግራ ገባኝ ሲል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ ብለው ሸኙኝ። ፍርድ ፈልጌ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የምወርድበትንም ፌርማታ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ከሁሉ ቀድሜ ሙዚየሙ ደረስኩ። ቅደም ተከተሉን አስቤበት ነበር፦ መጀመሪያ ዳቦው፣ በኋላ ቅሏ። መስኮቱ ሥር ላለችው ትንሽ ጠረጴዛ ጨርቅ አልብሼ ዳቦውን ወደዚያ አዛወርኩ። ከዚያ ቅሏን በሁለት እጄ አንሥቼ ገበታው ላይ መለስኳት።

ዳሊያ መጥታ “ገበታ ያለ ዳቦ?” አለች። “ዳቦው የሚበላ ነው፤ ቅሏ የምትታይ ናት” አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

መግለጫውን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ “የማሬ የውሃ ቅል። ከወገራ እስከ ሱዳን እሷ ያዘቻት። ከሱዳን እስከዚህ እናቷ አመጣቻት።” ሁለት ጊዜ አረምኩት። ውሸት አላገኘሁበትም።

ቄሱ መስኮቱ ሥር ቆመው ዳቦውን ባረኩ። ሰው ሲቆርስ እሳቸው ወደ ገበታው ሄዱ፣ ጽሑፉን አነበቡ፣ ምንም ሳይነኩ የማሬን ስም ጠርተው ጥቂት ጸለዩ። ፈቅደው ነው ወይስ አዝነው ብቻ? አልጠየቅኳቸውም። ዳቦም አልቀመስኩ፤ ቅሏን ስለያዝኩ ከሰው ራቅ ብዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ብርቄ በሥራ ልብሷ ደረሰች። ማንበብ አትችልም። ምን ይላል አለችኝ። አነበብኩላት። ድገሙልኝ አለች። ደገምኩላት።

አብረን ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሕጉ ማንም ሊነካኝ አይገባም። ደረጃው ሥር ስደርስ “ይደገፉኝ እትዬ፣ ጉልበትዎን” ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ላስጠነቅቃት አፌን ከፈትኩ። ግን እሷም ታውቃለች እኮ።

ልክ መሥራቴን እስካሁን አላውቅም። ሦስቱን ፎቅ ግን በእሷ ክንድ ወጣሁ።