ታጥቦ የተሰጠኝ ኩሽኔታ

ውድ ጋሼ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግራሶ በሳሙናም አልለቀቀ፣ ይሄንንም ወረቀት እያቆሸሸው ነው።

መኪናዋ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር እንደምትጮህ በስልክ ነግሬህ ነበር። የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ያ የሚሽከረከረው የብረት ቀለበት፣ አልቆ ነው። አባባን ለኩላሊት እጥበት የማመላልሰው በእሷ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቴን የሰማው ጎረቤታችን ሾፌሩ፣ «መኪናዋን ብቻ አስተካክይልኝ እንጂ አባትሽን እኔ አመላልሳለሁ፤ አንቺ ሰኞ ሥራሽን ጀምሪ» አለኝ። በዚያ ቃል ነው ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት። ከዚህ ቤት ለመውጣት የቀረኝ አንድ ኩሽኔታ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ደግፌ፣ ከሥሯ ገባሁ። አባባ ወንበሩን አስጠግቶ ቁልፍ ያቀብለኛል። ታውቀው የለ፣ የወለቀ ዕቃ አይጥልም፤ በቤንዚን አጥቦ ያስቀምጣል።

«ወንድምሽ ቢሆን ይሄኔ ጨርሷል» ይለኛል፣ አንተን ማለቱ ነው። «ደግሞ ይመጣል።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አልኩት ከሥር። ሳቀ።

ኩሽኔታው ጋ ለመድረስ ከባዱን ካምቢዮ አውርጄ፣ አሮጌውን አውጥቼ ሰጠሁት። ቆየት ብዬ «አዲሱን አቀብለኝ» አልኩት። ዓይኔ አፈር ገብቶበት ስለነበር ሳላየው ገጠምኩት።

አመሻሹ ላይ ጨርሼ ፍሪሲዮን ስረግጥ ያው ጩኸት።

«እንግዲህ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳላ» አለ አባባ አንገቱን ደፍቶ። «ምን ያስቸኩልሻል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ኮቱን ልሰቅልለት ስቀበለው ኪሱ ከበደኝ። አዲሱ ኩሽኔታ ከነላስቲኩ እዚያ ተቀምጧል። ያቀበለኝ አሮጌውን አጥቦ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው አሮጌና አዲስ ይሳሳታል?

«አባባ፣ ምንድነው ይሄ?»

«እንዳትሄጂብኝ ነው» አለኝ። «ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደሜ ሲታጠብ እጄን አይዝልኝም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ቢቆጣኝ፣ ቢረግመኝ እንኳ፣ ሻንጣዬን አንስቼ እወጣ ነበር። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነው እጅ እግሬ የታሰረው። ተናደድኩበት፣ አዘንኩለትም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣሪያውን ሳየው የወረደብኝ መሰለኝ።

እሑድ ካምቢዮውን መልሼ አውርጄ አዲሱን ገጠምኩ። መኪናዋ አሁን ድምፅ የላትም። ሰኞ ጠዋት አስነስቼ የሄድኩት ግን ወደ ሥራዬ አይደለም፤ አባባን ይዤ ወደ ሆስፒታል ነው። ለመሥሪያ ቤቱም አልመጣም ብያለሁ።

ባለፈው «አንቺ እዚያ ስላለሽ አልጨነቅም» ብለኸኝ ነበር። ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጨነቅ ይበልህ። ለጓደኞችህም «አባቴን የምትጦር ጎበዝ እህት አለችኝ» እያልክ አታውራብኝ። ጎበዝ አይደለሁም፤ መውጫ አጥቼ ነው።

እዚሁ ያለችው እህትህ