የኩሬው ግሳት

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፤ እማዬ በሕይወት አለች። ፖስታው ላይ የእኔን እጅ ጽሕፈት ስታይ ክው እንዳትል ብዬ ነው ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት። አእምሮዋ እንደ ድሮው ስል ነው፤ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ የምትደርሰው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ሐኪሙም ልቧ ደክሟል፣ አታስጨንቋት ብሎናል።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? መርከቡ ላይ የጀመረህ ማጥወልወል ለቀቀህ? ጭቃ ስትቆርጥና ስታጥብ የሚሰነጣጠቀው እጅህስ? ቅባት ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ “ይድናል” ብለህ ትተኸዋል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከባሕር ወለል በረጅም ቧንቧ ስላወጣችሁት ጭቃ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ነጩ ጭቃ ድንገት ወደ ቀይ ሸክላ መለወጡ ከሃምሳ ስድስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ምድር የሞቀችበት ዘመን ምልክት መሆኑን፣ ነጩም የጠፋው የባሕሩ ውሃ ኮምጥጦ የጥቃቅን ፍጥረታትን ቅርፊት ስላሟሟው መሆኑን በቅደም ተከተል አስረድተኸኛል። አንድ እርማት ብቻ አለኝ። ሙቀቱን ያመጣው ከባሕር ወለል ያመለጠ ሚቴን የተባለው ጋዝ ነው ብለህ ደምድመሃል። ራስህ ግን በሚቀጥለው ገጽ ሊቃውንቱ ገና እንዳልተስማሙ፣ እሳተ ገሞራም እንደሚጠረጠር ጽፈሃል። ስለዚህ “ሳይሆን አይቀርም” በል።

ሳነበው ዐይኔ ላይ የመጣው ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የነበረው ኩሬ ነው። አስተማሪህ ሆኜ ክፍሉን ይዤ ስወርድ አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ ቀድመህ ትገባለህ። አፈ ሰፊውን ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ ውሃው ውስጥ ትደፋዋለህ። እኔ ጭቃውን በእንጨት ስቆሰቁስ አረፋው ተንደቅድቆ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። “ኩሬው አገሳ! ምን በልቶ ነው?” ብለህ ክፍሉን ሁሉ ታስቃለህ። የበሰበሰ ቅጠል ነው ብዬ መልሼ ክብሪት ስለኩስበት ያው ሚቴን ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቅንድብህ የተለበለበ ዕለት እማዬ “ላስተምረው ብላ ጠበሰችው” እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራችብኝ። ጭቃ አቡኪው የሚለውን ስምም ያወጣችልህ ያኔ ነው። ኩሬው ዛሬ ተደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ እርምጃዬ ሳላዝዘው ይዘገያል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሬዲዮኑን ከመቀሱ እንደማይለይ ታውቃለህ። እሱ ነው “ከባሕር ወለል ጋዝ እየወጣ ነው ይላሉ፤ የእርስዎ ልጅ እዚያ አይደል?” ብሎ ለእማዬ የነገራት። ከዚያ ወዲህ እህልም እንቅልፍም ራቃት። ባሕሩ እንደ ድስት ሊገነፍልበት ነው ትላለች። የሰውየው ምላስ ከመርፌው ይብስ ይወጋል።

እኔ የማውቀው መድኃኒት ማስተማር ብቻ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከሀ ጀመርኩ። ሚቴኑ ከጥልቁ ባሕር ሥር በቅዝቃዜውና በውሃው ክብደት እንደ በረዶ ታስሮ እንደሚኖር፣ ውሃው ሲሞቅ ሊለቅ እንደሚችል፣ ያ የጥንቱ ሙቀትም በአንድ ጀንበር ሳይሆን በሺህ ዓመታት የመጣ መሆኑን ነገርኳት። ጋዙ ምድርን እንዴት እንደሚያሞቃት ለማሳየትም ሌላ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። “ታዲያ ማን ገለጠላት?” አለችኝ። ባሕሩና ዐለቱ ጋዙን ቀስ በቀስ እንደዋጡት አስረዳኋት። ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጠየቀች። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ አልኳት። የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቶቿ ስታፍተለትል ቆየችና ሳቀች። “ምድር ጊዜ አላት። እኔ ግን ያን ያህል የለኝም። ለጭቃ አቡኪው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት።”

ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ትምህርቱን ሳልጨርስ ክፍል የዘጋሁት ያን ቀን ነው። የልብስ ሰፊው ወሬ ለካ ናፍቆቷን መሸፈኛ ሰበብ ነበር።

ለሁለተኛው ጉዞ ልትፈርም መሆኑን ጽፈህልኛል። ተው አልልህም፤ ጭቃ ውስጥ ያስገባሁህ እኔው ነኝ። ነገር ግን ከመፈረምህ በፊት መጥተህ እያት። ከፈቀዱልህ ከዚያ ቀይ ሸክላ ጥፍር የምታህል ይዘህ ና፤ መዳፏ ላይ አድርግላት።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች። ባለቤቴ፣ ሾፌር በጡረታም ሾፌር ነውና፣ መርከብ ፍሬን አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል። ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች። ልብስ ሰፊው ተጸጽቶ ኮት ልስፋለት ስላለ የትከሻህን ልክ ላክ።

መርከባችሁ ወደብ እንደነካ መልስ ጻፍልኝ። የምትመጣበትን ቀን ለይተህ አስቀምጥ፤ “በቅርቡ” የሚል መልስ ከተማሪም ተቀብዬ አላውቅም። ለእማዬ ቀኑን ከራስህ እጅ ጽሕፈት ላይ ላሳያት እፈልጋለሁና ቶሎ ጻፍ።

እህትህ፣
ከእማዬ መስኮት አጠገብ
ጥቅምት 12 ቀን