የአባባ ዓይን

ኅዳር 6 ቀን 1961፣ ነገሌ
ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ገባሁ። ገበያው ደህና ነበር። አባባ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ስንተኛው ይሆን? ውሃም ይጠጣሉ፤ አይረኩም። ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል... "ከስተዋል እኮ" ብላቸው "ሙቀቱ ነው" አሉኝ።

ኅዳር 11
ዛሬስ አላህ አተረፈን። ጎረቤታችን ዲንኪቱ ጠርሙስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ሰላምታ እንኳ የለም።
"ሀሺ! ዘይት ብልዎት ላምባ ሰጡኝ! ድስቱ ውስጥ ልጨምረው ስል ሸተተኝ እንጂ... ልጆቹ እምድጃው ሥር ነበሩ!"
አባባ ሳቁ። "ቆርቆሮዎቹን ማን አቀያየራቸው?"
ማንም አልነካቸውም። ዘወትር ያሉበት ቦታ ናቸው።

ኅዳር 12
ጣቶቼን ዘርግቼ "ስንት ናቸው?" አልኳቸው። ተቆጡ። ከዚያ በዝግታ፦ "መሃሉ ላይ ጭጋግ አለ... ለሰው እንዳትነግሪ። ዓይኑ ከጠፋ ነጋዴ ማን ይገዛል?"

ኅዳር 19
አክስቴ መሱዳ ግመል ልትሸጥ ከፊልቱ መጣች። የአባባ ታላቅ እህት ናት። ጣልያን ሲወጣ እሳቸው ከተማ ገቡ፤ እሷ ከግመሎቹ ጋር ቀረች። ዛሬም በእግሯ ነው የመጣችው። እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ቀማችኝና አስገባችው።
"የእናታችንም ዓይን እስክትሞት ደህና ነበር" አለቻቸው። "አንተን ምን ነካህ?"
አባባ ሌላ ሻይ ቀዱ። አመሻሹ ላይ አክስቴ ከጓሮ ጠራችኝ። አባባ በሸኑበት ጉንዳን ተሰብስቧል።

ኅዳር 21
ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ በግድ። ድሬሰሩ ጃልዴሳ ሽንታቸውን ከሰማያዊ መድኃኒት ጋር በእሳት አፈላው። እንደ ጡብ ቀላ።
"ስኳር በሽታ ነው። ዓይንዎንም የያዘው እሱ ይመስለኛል።"
"ግመል ስከተል፣ ስራብ አልታመምኩም! አሁን ጠግቤ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ?"
"መንስኤው ብዙ ነው አባቴ። ግን መቀመጡና የሻዩ ስኳር አልበጀዎትም።"
ኪኒኑ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የጠፋው ዓይን ይመለሳል ወይ አልኩት። ጃልዴሳ መሬት መሬት አየ።

ኅዳር 22
ውሃ ይጠማኛል። ሙቀቱ ነው?

ኅዳር 25
አባባ በልጅነታቸው ሮጠዋል። እኔ የተወለድኩት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከረሜላ እየበላሁ። እግሬ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ነው። በሳቸው ከመጣ፣ በኔማ... ነገ የምወልደውስ?

ታኅሣሥ 3
ብቻዬን ክሊኒክ ሄድኩ። የኔ ሽንት እንደ ጡብ አልቀላም። ሰማያዊ ሆኖም አልቀረም። አረንጓዴ። "ትንሽ ስኳር አለ። በሚቀጥለው ወር ተመለሺ" አለኝ ጃልዴሳ። ለአባባ እንዴት እነግራለሁ? ሐዘን ላይ ሐዘን...

ጥር 8
ኪኒኑ ከመጣ ወዲህ የአባባ ጥም ቀንሷል። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም።
ዛሬ ጠዋት የኔንም ነገርኳቸው። ተነሥተው ሱቁን ዘጉ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። "እንሂድ።"
መንገድ ላይ አንድ ደንበኛ ወታደር "ሀሺ፣ ምነው በጠዋቱ ዘጉ?" አላቸው። ደነገጥኩ። አባባ ቆሙ።
"ዓይኔ አያይም። ስኳር በሽታ ይዞኛል። ሸምሳ ናት የምትመራኝ።"
ጮክ ብለው! ዲንኪቱ ከበሯ ሆና ሰማች። ሌላውም ሰማ። አባባ ወደፊት ገፉኝ።
ክሊኒክ ገብተን ጃልዴሳ የኔን አፈላው። አባባ ወደ እሳቱ ዞረዋል፤ አይታያቸውም።
"ምን ቀለም ሆነ? እንዳትደብቂኝ።"
ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር።
"አረንጓዴ ነው፣ አባባ።"
እጄን ፈልገው ያዙት። ቤት እስክንደርስ አልለቀቁኝም።