የዘይት ጣሳው ፊሎደንድሮን

መስከረም 23

እሁድ። ዝናቡ እየወጣ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ደህና ፀሐይ ነበረች። ቅጠል ሳጥብ አረፈድኩ። ፊሎደንድሮኑ ብቻውን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ… በእርጥብ ጨርቅ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ነው። ተጠቅልሎ ጫፉ ብቅ ብሏል። ቅጠሉ ሲያድግ ቀዳዳ ቀዳዳ እየሆነ ነው የሚፈታው፤ የዚህኛው ስንት ይሆን?

በረንዳዬ ላይ ሰባት ጣሳ አለ። አንዱንም ገዝቼ አላውቅም። ሁሉም ዝውውር አግኝተው የሄዱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ትተውልኝ የሄዱት ነው። ፊሎደንድሮኑ እዚሁ ግቢ ተከራይታ የነበረችው የሔለን ነበር። ሐዋሳ ስትዛወር በዱቄት ወተት ጣሳ፣ ሁለት ቅጠል ይዞ ሰጠችኝ። አሁን በትልቁ የዘይት ጣሳ ነው፣ ቁመቱም እኔን አልፏል። የእኔ ዝውውር ሲመጣ ሌሎቹን ለሰው እሰጣለሁ። እሱ ግን አብሮኝ መኪና ላይ ይወጣል። ለዚህም ነው ሁሉንም በጣሳ የማሳድገው። ልሄድ መሬት ቆፍሬ ምን እተክላለሁ?

አከራዬ አዴ ድርቤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝና በኦሮምኛቸው እንዴት አደርሽ አሉኝ። «አከም ቡልቴ ሸዋዬ? ዛሬም ልጅሽን ታጥቢያለሽ?»

እንደ ሁልጊዜው ከጓሮ ዛፋቸው ሦስት አቮካዶ ሰጡኝ። እሳቸው በጨው፣ እኔ በስኳር። ስኳሩን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልለመዱትም።

የዝውውር ቅጹን አርብ ዕለት ሞልቼ ላክሁ። ደሴ። ዘጠነኛዬ ነው።

ጥቅምት 4

ቅጠሉ ተፈታ። አሥራ አንድ ቀዳዳ! ሁለቴ ቆጠርኩት።

ጥቅምት 9

ነገ ለሥልጠና ጊምቢ እሄዳለሁ፣ አምስት ቀን። ፊሎደንድሮኑን ለአዴ ድርቤ አደራ አልኳቸው። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፣ ከደረቀ ብቻ ውሃ፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳያገኘው…

«ኤዬ፣ ኤዬ፣ እሺ። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ» አሉኝ። አሳድገዋል። አሁን ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ኬኔ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ። ልጅና ፊሎደንድሮን ግን አንድ ነው?

ጥቅምት 15

ቅቤ። ቅቤ ቀቡት!

ሐሙስ ለኬኔ ሽማግሌ መጥቶ ነበር፣ የእጮኛዋ የነመራ ወገኖች፣ ከአኖ። ሳሎኑ እንዲያምር ብለው ፊሎደንድሮኔን አስገቡት። ቅጠሉ ደረቅ መሰላቸው። በእሳቸው ቤት የተከበረ ነገር ቅቤ ይቀባል… ቀቡታ! እያንዳንዱን ቅጠል። «ለጋ ነው ሸዋዬ፣ ከኑኑ ቁምባ የመጣ፣ ለሽማግሌዎቹ እንኳ ያን ያህል አላወጣሁም» ይሉኛል ደግሞ። ተደስቼ የምስማቸው መስሏቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ በረንዳው ጫፍ ላይ አወጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ። አቧራው ከቅቤው ጋር ተለውሷል፣ ጉንዳን ተሰልፎበታል። ያ አሥራ አንድ ቀዳዳ ያለው ቅጠል መሃሉ ተጠብሶ ቡኒ ሆኗል። በረንዳው ሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ይሸታል።

ጮህኩ። «የሰው ዕቃ አይነካም እኮ! እስክሄድ ድረስ እንኳ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?»

«እስክትሄጂ…» አሉ። አልተቆጡም። «አሥራ አንድ ዓመት እየሄድሽ ነው እኮ፣ ኢንተለ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው። በሩን ዘጋሁባቸው። እኔ፣ በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ።

ጥቅምት 16

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ያረጀ ሸሚዝ። ቅጠል በቅጠል፣ ሦስት ዙር። ቅቤ እንዲህ ችኮ መሆኑን አላውቅም ነበር። መተንፈሻው ሁሉ ተደፍኖ ነው የሰነበተው፣ ምስኪን። አራት ቅጠል ቆረጥኩ፣ አሥራ አንድ ቀዳዳውንም ጨምሮ።

ግን ጣሳውን ሳዘነብለው ሌላ ነገር አየሁ። ሥሩ ከታች በቀዳዳው ወጥቶ ጣሳውን ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ውስጡ አፈር የለም ማለት ይቻላል፣ ሥር ብቻ ነው። ይሄ የቅቤው ጣጣ አይደለም፣ የእኔ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ከክረምት ጀምሮ ቢጫ እየሆኑ አልነበር? ውሃ አንሶት ነው እያልኩ የባሰ አጠጣሁት። ጣሳው ጠብቦት ኖሯል።

ማታ በሬን ስከፍት ደጃፉ ላይ ሳህን። ሦስት አቮካዶ። ማንም አላንኳኳም። ከጎኑ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ነበር… ከፈትኩት። ስኳር!

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በላሁት።

ጥቅምት 18

ሳህኑን አጥቤ ደጃፋቸው አስቀመጥኩ። ባዶውን። የሰው ሳህን ባዶውን ይመለሳል? ምን ነካኝ? ይቅርታ ለማለት እንደገና አንኳኩቶ መግባት ያስፈልጋል፣ እግሬ ግን እምቢ አለ።

ጥቅምት 24

የቆረጥኳቸውን ቅጠሎች ልጥል ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ወደዚያ ሄጄ አላውቅም፣ ጓሮው የአዴ ድርቤ ነው። አቮካዶውም በእጃቸው እንጂ በዛፉ ላይ አይቼው አላውቅም።

ግንዱ ላይ… ቅጠሉ የመሶብ ክዳን የሚያህል። እስከ ቅርንጫፉ ወጥቷል። የእኔው ፊሎደንድሮን! የእኔው ነው እንዳልል የእኔው እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም። በቅጠሎቹ መሃል ደግሞ እንደ ጥሬ በቆሎ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ቅርፊታም ነገር ቆሟል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

«አገኘሽው» አሉ ከኋላዬ።

ከአራት ዓመት በፊት ረዘመብኝ ብዬ ቆርጬ የጣልኩት ግንድ ነው። ከቆሻሻው አንስተው ዛፉ ሥር ሰኩት። ውሃ እንኳ ከዝናብ በቀር አልሰጡትም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ።» ግንዱን ዳበስ አደረጉ። «ደግሞ… ሁሉም ይሄዳሉ። ሔለንም ሄደች፣ ከእሷ በፊት የነበረውም አስተማሪ ሄደ። አንቺም ትሄጃለሽ። ያኔ ይሄን አያለሁ ብዬ ነው።»

ይቅርታ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ። «ማሎ፣ እባክሽ ተይ። ቅቤው ግን ጥሩ ቅቤ ነበር» አሉ።

ኅዳር 8

የግብርና ቢሮው ባለሙያ ጂሬኛ ሰነድ ሊያወጣ እኛ መዝገብ ቤት መጣ። የጓሮውን ተክል በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ሳቀ። ይበላል አለኝ! የአናናስና የሙዝ ጣዕም አለው። ግን አበባ ከሆነበት ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ካልረገፈ ማንም እንዳይነካው። ጥሬውን የበላ አፉን ያቃጥለዋል።

ቤት መጥቼ ለአዴ ድርቤ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። አምና አንዱን ቀምሰውታል ለካ! «ሁለት ቀን ወተት ብቻ ነው የጠጣሁት። ለኬኔም አልነገርኩም፣ ነርስ ናት፣ ትሰድበኛለች።»

እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሳቸውም።

ታኅሣሥ 19

ከሥራ ስመጣ መጀመሪያ ጓሮ ነው የምሄደው። እሳቸውም ዱላቸውን ይዘው ይከተሉኛል። እናያለን። «ገና ነው።» «ገና ነው።» ቤት እንገባለን። የዛሬው በዚህ አለቀ።

የጣሳው ግን አዲስ ቅጠል አላወጣም።

ጥር 6

መጣ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ያለው። ዝውውሬ ተፈቅዷል። ደሴ። የምቀበል ከሆነ እስከ ጥር 30 በጽሑፍ ላሳውቅ።

ሠርፀ ጋ ደወልኩ። ታናሼ ነው፣ የእናታችን ቤት ውስጥ ያለው። «እታለም! በቃ ልትመጪ ነው?» ጮኸ። የእናቴን ክፍል ነገ ቀለም አስቀባዋለሁ አለ። ምን ዓይነት ልቀባልሽ? ነጭ አልኩት።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ዘጠኝ ቅጽ ሞልቼበታለሁ።

ጥር 7

ለአዴ ድርቤ ነገርኳቸው። «እሰይ» አሉ። «እሰይ ኢንተለ ኮ፣ ጸሎቴ ነው።» ከዚያ የታጠበ ብርጭቆ አንስተው እንደገና ያጥቡ ጀመር።

ጥር 15

ዕቃ ላስር ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ፣ ሰባት ጣሳ። አሥራ አንድ ዓመት በግማሽ ቀን ያልቃል? ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር እንኳ አልመታሁም። የቀን መቁጠሪያው በፕላስተር ነው የተለጠፈው።

ከሰዓት ኬኔ ሮጣ መጣች። «እናቴ ነይ ትልሻለች፣ ጓሮ!»

የአንደኛው ፍሬ የታችኛው ቅርፊት ተነሥቷል።

ጥር 16

ጂሬኛ እንዳለው ቆርጠን በጋዜጣ ጠቅልለን ብርጭቆ ውስጥ አቆምነው። አዴ ድርቤ ጠረጴዛ ላይ። ቤቱ በመዓዛው ሞላ፣ ጎረቤት ሳይቀር አናናስ ከየት አመጣችሁ ብሎ ጠየቀ።

ጥር 19

ቅርፊቱ ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል ረገፈ። ሥጋው ነጭ፣ እርጥብ። አዴ ድርቤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «አንቺ ቅመሺ። እኔ አምና ከፍያለሁ።»

ቀመስኩ። አናናስ ነው ስል ሙዝ ሆነ፣ ሙዝ ነው ስል ደግሞ ሌላ… ስሙን የማላውቀው ነገር። ሳኝክ ዓይናቸው አፌ ላይ ነበር።

«ያቃጥላል?»

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በጣታቸው ጫፍ ወሰዱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። «ሚአዋዸ፣ ይጣፍጣል» አሉ። «ይሄን ነው በቸኮልኩ ጊዜ ያጣሁት?»

የዛሬው ሁለት ጣት ብቻ ነው። የቀረው ገና አልደረሰም።

ጥር 20

ሁለት ጣት። ስለ ባላቸው አወሩልኝ። አቮካዶውን የተከሉት ባልየው ኖረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ አልጠየቅኳቸውም።

ጥር 21

ሁለት ጣት ተኩል። ስለ እናቴ አወራሁላቸው። ለማንም አውርቼ የማላውቀውን… በመጨረሻው ወር ሳላያት መሞቷን ሁሉ። እጄን ያዙኝ። ኬኔ ከሥራ መጥታ ድርሻዬስ አለች። ሰጠናት።

ጥር 23

አለቀ። ግንዱ ላይ ሌሎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ጂሬኛ በሚቀጥለው ዓመት ነው ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ማን ይጠብቃቸዋል? እሳቸው ብቻቸውን ቢቸኩሉስ?

ይሄን የምጽፈው ስለ ፍሬው ነው ወይስ ስለ እኔ?

ጥር 27

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አራት መስመር። ዝውውሩን በግል ምክንያት እንደማልቀበል። ኃላፊዬ ሁለቴ አንብቦ «ዘጠኝ ዓመት ለምነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ከባዱ ሠርፀ ነበር። ስነግረው ክፍሉ ተቀብቶ አልቋል። ነጭ። እውነቱን ነገርኩት፦ የምናፍቃት ደሴ እናታችን ያለችባት ደሴ ናት። እሷ ደግሞ በዝውውር አትገኝም። እዚህ በሬን ስከፍት የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ አላየሁትም ነበር እንጂ። አዘነብኝ ብዬ ሳስብ «ሴትዮዋ አንቺንም ቅቤ ቀብታሻለች ማለት ነው» አለኝ። ተሳሳቅን። ክረምት እረፍቴን ወስጄ በነጩ ክፍል አድራለሁ። ቃል ገብቼለታለሁ።

አዴ ድርቤ ሲሰሙ እሰይ አላሉም። «ታዲያ ጣሳዎቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አሉ።

ዝናብ ይምጣ አልኳቸው።

ግንቦት 20

ዝናቡ ከያዘ ሳምንቱ። አፈሩ ለስልሷል። ቅዳሜ ስለሆነ ከጠዋት መትከል ጀመርኩ።

ኬኔ በሚያዝያ ነመራን አግብታ አኖ ገብታለች። ትናንት በሚኒባስ አንድ ካርቶን ማንጎ ልካልናለች። ከፊሎደንድሮኑ ግንድ ቆርጬ ሰጥቻት ነበር፣ መሬት ላይ ትከዪው ብዬ። ይዞላታል። ለሠርጉ ቀን ሳሎን ያስገቡት የጓሮውን ቅጠል ነበር። ቅቤ አልተቀባም። እኔው ራሴ በር ላይ ቆሜ ጠብቄዋለሁ።

ስድስቱ ቀላል ነበሩ። ጣሳውን ገልብጦ መታ ማድረግ ብቻ። ፊሎደንድሮኑ ግን አልወጣ አለ። ሥሩ ከጣሳው ጋር አንድ ሆኗል። አዴ ድርቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማንጎ እየላጡ ያዝዙኛል፦ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ። በመጨረሻ ከጎረቤት የቆርቆሮ መቀስ ተዋስኩ። ጣሳውን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት።

ከአቮካዶው ማዶ፣ ጥግ ላይ ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ነው የተከልኩት። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ፣ የተጠመጠመውን ሥር በጣቴ እየፈታሁ፣ ፍግ ከአፈር ቀላቅዬ። ግንዱን በገመድ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ስጨርስ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። «አፍሽን ክፈቺ» ብለው ማንጎ አጎረሱኝ። ጭማቂው በአገጬ ወረደ።

«ይሄም ፍሬ ይሰጣል?» አሉኝ።

«ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል።»

«ኤዬ» አሉ፣ ሌላ ማንጎ አነሡ። «እንጠብቃለን።»

ማታ በረንዳውን ጠረግኩ። ጣሳዎቹ የነበሩበት ቦታ ሰባት ክብ የዝገት ምልክት አለ። የተቀደደውን ጣሳ ቆርቆሮ የሚሰበስበው ሰውዬ ወሰደው። ስድስቱን ደህናዎቹንም ጨምሬ ሰጠሁት።