ስለጠፋችው ቫዮሊንና ስለተጠረጠረው ጆሮዬ

ለፊልም ሙዚቃ አድናቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ለባለቤቴም ታላቅ ወንድም፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመድኃኒት ቤትዎ፣ እንዲሁም የማኅበራችንን ማኅተም ሲመታ ውሎ ለማይደክመው ቀኝ እጅዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከመድኃኒት ቤትዎ ማዶ ልብስ የምሰፋው የእህትዎ ባል፣ ከነጉርድ ፎቶግራፌ በሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈው ከስብሰባ ለሦስት ወር የታገድኩ በመሆኔ፣ ሐሳቤን በሱቄ መስኮት ላይ ለጥፌ ለአላፊ አግዳሚው ለማስነበብ ተገድጃለሁ። ከፎቶዎቼ ሁሉ ያማረውን መርጠው ስለለጠፉልኝ ግን አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል እየተሰበሰበ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ የሚያዳምጥ፣ ሃያ ሦስት አባላት ያሉት ማኅበር ነው። ያ ሰው የፊልም ዘፈን እየደረሰና እያቀናበረ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስለቀሰን አቀናባሪያችን ነው። የእሱን ሥራ ለመለየት ስሙን ማንበብ አያስፈልግም ነበር፤ ዘፋኙ የመጀመሪያውን ቤት ጨርሶ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት አንዲት ቫዮሊን ብቻዋን ትነሳና፣ ልትናገር ያሰበችውን እንደዋጠች ሴት ግማሽ መንገድ ሄዳ ትመለሳለች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ፊልሞች ግን ያቺ ቫዮሊን የለችም። በዚህ የተነሳ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሻችን «አሻራው ጠፍቷል» ስንል፣ በእርስዎ የሚመራው ግማሽ «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» አለ። እኔ በበኩሌ ይባስ ብዬ «ሰውየው ጠግቧል፣ ሰንፏል» አልኩ። ወደዚህች ቃል ኋላ እመለሳለሁ።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፤ በፊርማዎና በማኅተምዎ ባወጡት ማስታወቂያ «የአቀናባሪያችን አሻራ አልጠፋም፤ የጠፋው የአንዳንድ አባላት ጆሮ ነው» ብለው ጽፈዋል። ስሜን ባለመጥቀስ ላሳዩኝ ጨዋነት ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ሆኖም ያን ቀን ሱቄ የመጡ ደንበኞች ሁሉ እየጮኹ ነው ያናገሩኝ። እህትዎ በበኩሏ ሁለታችንንም አሳምራ የምታውቅ ሴት እንደመሆኗ፣ «ለሁለታችሁ አንድ ጆሮ ይበቃችኋል» ብላ ቴፕ ሬዲዮኑን ወደ ጓዳ አስገባችው።

፪ኛ፤ ምንም አለመለወጡን ለማረጋገጥ አንድ የድሮ ዘፈንና አንድ አዲስ ዘፈን አከታትለው በጉባኤው ፊት አጫወቱ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ የድሮው ሲዘፈን ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን ሲነቀንቁ፣ አዲሱ ሲዘፈን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሰዓትዎን ሲመለከቱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይህንኑ ተነስቼ ብናገር በቃለ ጉባኤው ላይ «የሊቀመንበሩን ፊት አለአግባብ መመልከት» ተብሎ ተመዘገበ፤ እገዳውም የመጣው በዚሁ ነው።

፫ኛ፤ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ውለታ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ምክርዎን ተቀብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ነርሷ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ አስገብታ ማዳመጫ አጠለቀችልኝና ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዘችኝ። እኔም በእልህ ብዛት ለበሩ ሲጢጥታ ሳይቀር ተጫንኩ። ውጤቱ «ጆሮዎ ከዕድሜዎ ይሻላል» የሚል ሆነ።

ዋናው ነገር ግን የሆነው ከምርመራው በፊት ነው። ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ያደረጉ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ቁጥር በተጠራ ቁጥር «የእኔ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ከግራ መንጋጋቸው በታች የጠቆረና የደደረ ቆዳ አየሁ። መርፌ የእኔን ጣት እንዳደደረው ሁሉ ያንንም ሥራ እንጂ በሽታ እንዳላመጣው ገመትኩና ጠየቅኳቸው። ለካ የቫዮሊን ምልክት ኖሯል፤ ከመጨረሻዎቹ ሦስት በቀር በአቀናባሪያችን ፊልሞች ሁሉ ያቺን ቫዮሊን የተጫወቱት እርሳቸው ናቸው።

ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማኝ ጮኼ «ታዲያ አባቴ፣ ምነው አስወጣዎት?» አልኳቸው።

«እሱ መች አስወጣኝ» አሉኝ። «ጆሮዬ ሲከዳኝ እኔው ራሴን አሰናበትኩ። ሌላ ሰው ቅጠር ብዬ ብነግረው ‹ቦታው ያንተ ነው፤ አልጫወትም ካልክ ባዶውን ይቀመጥ› አለኝ።»

ዛሬም ቀረጻ ባለ ቁጥር መኪና እንደሚልክላቸው፣ መዳፋቸውን ፒያኖው ላይ አድርገው ንዝረቱን እየተከተሉ እንደሚቀመጡ፣ የእርሳቸው ቦታ ሲደርስ አቀናባሪው እጁን እንደሚያነሳና ሙዚቀኛው ሁሉ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እንደሚል አጫወቱኝ። ቁጥራቸው ሲጠራ እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ቤቴ እንደገባሁ እህትዎን ለምኜ ቴፕ ሬዲዮኑን ከጓዳ አስወጣሁና አዲሱን ዘፈን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቤት አለቀ። አዝማቹ ከመግባቱ በፊት ከበሮውም ፒያኖውም ቆመ፤ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ይህን ዝምታ ነበር ዓመት ሙሉ ስንፍና እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት። እህትዎ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ዓይኔ ውስጥ ክር ገባ» አልኳት፤ እሷም አጠገቤ ቁጭ አለችና ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሰችው።

ስለዚህ «ጠግቧል፣ ሰንፏል» ያልኩትን ቃል በአደባባይ አንስቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእርስዎን ግን እንዴት እንደማነሳልዎ ጨነቀኝ። እኔ ቫዮሊኗ መጥፋቷን ሰምቼ ምክንያቱን ስቼ ነበር፤ እርስዎ ግን አንድ ሰው ለወዳጁ ብሎ ባዶ የተወውን ወንበር ሙሉ ነው እያሉ በማኅተም ያረጋግጣሉ።

አዛውንቱ በመጪው ቅዳሜ ወደ ማኅበራችን ሊመጡ ፈቅደዋል። እኔ እገዳዬን አክብሬ ከደጅ እቆማለሁ። ክቡርነትዎ ግን ወንበራቸውን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርገው፣ መዳፋቸውን እንዲያሳርፉበት እንዲፈቅዱላቸውና ያቺ ቦታ ስትደርስ ንግግር እንዳይጀምሩ በትሕትና እለምናለሁ።

ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ሰሌዳዎ አይጉደል፣ ዕድሜዎም የማስታወቂያዎን ያህል ይርዘም እያልኩ፣ የታገደው ነገር ግን ያልተሰናበተው አባልዎ፣ የእህትዎ ባል፣ ባለ ልብስ ስፌቱ፣ ከነሙሉ ጆሮዬ እጅ እነሣለሁ።

ማሳሰቢያ፤ ለማኅበሩ በዓል ያዘዙት ሱፍ ተጠናቋል። ወገብዎ ከአሥር ዓመት ወዲህ «ምንም አልተለወጠም» ብለው በድሮው ልኬት እንድሰፋው ቢያዙኝም፣ በዝምታ አራት ጣት ጨምሬበታለሁ።